የኤላ ዳዲ መርዶ

አዮ ኤቢሴ ቤት የገባ ሰው ውሃ ሳይጠጣ አይወጣም። ጠላው ባይደርስ፣ ወጡ ቢያልቅ አይጨነቁም፤ ውሃ ግን ግዴታ ነው። ውሃው ደግሞ ዝም ብሎ ውሃ አይደለም። ባለቤታቸው ኦቦ ዳዲ፣ ነፍሳቸውን ይማረውና፣ በጎልማሳነት ዘመናቸው ከሰበታ ወደ ፉሪ በሚወስደው ዳገት ሥር፣ በገዛ ጓሯቸው ከቆፈሩት ጉድጓድ የሚቀዳ ነው። መንደሩ «ኤላ ዳዲ» ይለዋል፤ የዳዲ የውሃ ጉድጓድ ማለት ነው። ዳዲ ሲሞቱ ሐውልት አልቆመላቸውም። አዮ ኤቢሴ ለጠየቃቸው ሁሉ «ሐውልቱ ይኸው፣ ጠጣው» ብለው ጣሳውን ይዘረጋሉ፤ ጣሳው ባዶ እስኪሆንም ከፊቱ አይሄዱም።

ከመንደሩ ሰው ውጭ ይህን ውሃ የውብአየሁን ያህል የጠጣ የለም። ከወሎ ተቀጥራ ሰበታ ስትመጣ የተከራየችው የአዮ ኤቢሴን ሰርቪስ ቤት ነበር። ልጇን ስትወልድ ዘመድ አጠገቧ አልነበረምና ያረሷት እሳቸው ናቸው። ገላዋን በኤላ ዳዲ ውሃ አጠቡ፤ አጥሚቱን በኤላ ዳዲ ውሃ አፈሉ። አንድ ቀን «እናቴ ብትኖር ከዚህ በላይ ምን ታደርግልኝ ነበር?» ብትላቸው፣ «ትቆጣሽ ነበር፣ እያወራሽ አጥሚቱን አቀዘቀዝሽው ብላ» አሉና ኩባያውን አፏ ላይ ደገኑባት። ከዚያ ወዲህ «አዮ» ትላቸዋለች፤ እናቴ ማለቷ ነው። እሳቸውም «ኢንተላ ኮ» ይሏታል፣ ልጄ። ኮንዶሚኒየም ደርሷት ከወጣች በኋላም እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እሳቸው ጋ ሳትሄድ ቀርታ አታውቅም።

ውብአየሁ የምትሠራው አካባቢን እንዲጠብቁ ከተቋቋሙት መሥሪያ ቤቶች በአንዱ፣ መዝገብ ቤት ውስጥ ነው። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም። ስም ሲጠራ ደንገጥ የሚል ሰው አይጠፋም፤ እኔ ደግሞ በዚህ ዕድሜዬ ከሰው ጋር መካሰስ አያምረኝም።

ነገሩ የተጀመረው በዳገቱ ራስ ካለው ፋብሪካ በኩል የሚወርደው ቦይ ቀለሙን እየለዋወጠ ሰው ማነጋገር ሲጀምር ነው። አንድ ሰሞን ሰማያዊ፣ ሌላ ሰሞን የወይን ጠጅ። ከዚሁ መሥሪያ ቤት የተላኩ ነጭ ጋዋን የለበሱ ልጆች መጥተው ከቦዩም ከኤላ ዳዲም በትንንሽ ጠርሙስ ቀድተው ሄዱ። አዮ ኤቢሴ እርጎ አጠጥተው፣ መርቀው ሸኟቸው። «ውጤቱን መጥተን እንነግርዎታለን» አሉ ልጆቹ። የዋሹ አይመስለኝም። መንገሩ የእነሱ ፈንታ እንዳልሆነ አያውቁም ነበር እንጂ።

ውጤቱ ሲመጣ በውብአየሁ እጅ አለፈ። ስለ ቦዩ ብዙ ቁጥር ነበረበት፤ ቁጥሩ አልገባትም። ከኤላ ዳዲ ትይዩ ግን በግልጽ አማርኛ «ለመጠጥ የማይውል» ይላል። አነበበችው። ደግማ አነበበችው። ኃላፊዋ አማኑ ከቢሮው ወጥቶ ፋይሉን ከእጇ ተቀበላትና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ይሄ ምስጢር ነው፣ ውቤ» አላት።

«ምስጢርነቱ ከማን ነው?»

«ለጊዜው ከሁሉም። ፋብሪካው ይግባኝ ብሏል፤ ምርመራው አልተዘጋም። ውስጡ ደግሞ የሚጠቀሙባቸው ኬሚካሎች ስም አለ። የሦስተኛ ወገን የንግድ ምስጢር ስለሆነ ሕጉ አትስጡ ይላል። ከዚህ ቢሮ አንዲት ቃል ብትወጣ የምንከሰሰው እኔና አንቺ ነን።»

አማኑ ክፉ ሰው አይደለም። የቡራዩ ልጅ ነው፤ ለጽዳት ሠራተኛዋ ከመቀመጫው የሚነሳ፣ የሰው ለቅሶ የማያልፈው፣ ሕግ ግን እንደ ታቦት የሚፈራ። ሕጉንም ቢሆን ጨርሼ አልኮንነውም። አዋጁ «ሕዝብ መረጃ የማግኘት መብት አለው» ብሎ ይጀምራል፤ ሲያነቡት ደረት ያስነፋል። ዝቅ ሲሉ «በስተቀር» የምትል ቃል ቁጭ ብላ ትጠብቃለች። ከእሷ በታች ያለውን አንብቦ ለጨረሰ ሰው በእጁ የሚቀረው ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ነው። ነጋዴም ምስጢር አለው፣ ያላለቀ ምርመራም ሰው ያሳስታል፤ ይሁን። ግን ይግባኝ ዓመት ይቆያል፣ ሰውን ደግሞ በየቀኑ ይጠማዋል።

ልጆቹ ሳይመለሱ ክረምቱ ሲገባ አዮ ኤቢሴ ራሳቸው ወደ ቢሮው መጡ። ነጭ በነጭ ለብሰው፣ ጭቃውን ከጫማቸው በእንጨት ፍቀው ነው የገቡት። ውብአየሁ ከመስኮቷ ጀርባ ሆና አየቻቸው። አማኑ ብድግ ብሎ ተቀበላቸው፣ ወንበር ሳበላቸው፣ በኦሮምኛ ጤናቸውን፣ ከብታቸውን፣ እህላቸውን ጠየቀ። ከዚያ ወደ አማርኛ ዞረ፤ ሕጉ የተጻፈበት ቋንቋ ሳይቀናው አልቀረም።

«ውጤቱን ልንሰጥዎት አንችልም፣ እናቴ። የሦስተኛ ወገን ጉዳይ አለበት።»

«ሦስተኛ ወገን ማነው?»

«ፋብሪካው ነው።»

አዮ ኤቢሴ ቀስ ብለው አሰቡበት። «ጉድጓዱ የኔ ነው። የምጠጣው እኔ ነኝ። እሱ ሦስተኛ ከሆነ እኔ ስንተኛ ነኝ፣ ልጄ?»

አማኑ መልስ ሲጠፋ ቢሮ የሚለውን አለ፤ «ሲወሰን እናሳውቅዎታለን።»

አዮ ኤቢሴ መርቀውት ወጡ። ሲወጡ በውብአየሁ መስኮት በኩል አለፉና ፈገግ ብለው፣ «ደኅና ነው ማለት ነው። መጥፎ ቢሆን ኖሮማ አንቺ ትነግሪኝ ነበር» አሏት። ይህች ቃል ውብአየሁ ደረት ውስጥ ገብታ ተቀመጠች። ምሳ አልበላችም።

በጆሯቸው ሹክ ብትላቸውስ? አስባበታለች። ችግሩ አዮ ኤቢሴ ናቸው። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል የሚባለው ለሌላው ሰው ነው፤ የእሳቸውን ሆድ ለመክፈት ብቅል አያስፈልግም፣ «እንዴት አደሩ» ይበቃል። መንደሩ ሁሉ የሚቀዳው ከኤላ ዳዲ ነው። ጉድጓዱን ቢዘጉ «ለምን ዘጉት?» ይባላሉ፤ ከተባሉ ደግሞ ዋሽተው አያውቁም። «ውቤ ናት የነገረችኝ» ይላሉ፣ ያውም በኩራት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ያኔ የውብአየሁ እንጀራ ብቻ አይደለም የሚዘጋው፤ ብቻዋን አሳድጋ ዩኒቨርሲቲ ያስገባቻት ልጇም አለች።

ስለዚህ በዘዴ ሞከረች። የሱሉልታ ሃይላንድ ውሃ በካርቶን ገዝታ ወሰደችላቸው። አዮ ኤቢሴ ደስ አላቸውና ለእንግዳ ብለው ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፉበት። በሚቀጥለው እሑድ አንዱን ከፍተው ለእሷ ሰጧትና እሳቸው ከጉድጓዱ ጠጡ። «ካርቶን ይዞ የሚመጣ እንግዳ ነው፤ ከመቼ ወዲህ ነው እንግዳ የሆንሽብኝ?» ብለው ወቀሷት። ሌላ ጊዜ «አፍልተው ቢጠጡ ጥሩ ነው ይላሉ ሐኪሞች» አለች። «ዳዲ አቀዝቅዞ የሰጠኝን እኔ ላሙቀው?» አሉና ሳቁባት። እሷም አብራ ሳቀች፣ ምን ታድርግ።

የልጃቸው የዳኜ ሚስት ላሊሴ እርጉዝ ናት፣ የመጀመሪያዋን። ዳኜ በጅማ መንገድ የጭነት መኪና ስለሚነዳ ከአማቷ ጋር ነው የምትኖረው። አንድ እሑድ አዮ ኤቢሴ ጣሳውን ሞልተው «ጠጪ፤ ልጁ የአያቱን ውሃ ከወዲሁ ይልመድ» አሏት። ላሊሴ አንገቷን ቀና አድርጋ ጠጣች። ውብአየሁ ከጉሮሮዋ ላይ ዓይኗን መንቀል አቃታት።

«ትንሽ ይበቃታል፣ አዮ።»

«ለምን?»

ሁልጊዜ እዚህች «ለምን» ላይ ስትደርስ ነው አፏ የሚዘጋባት። ለራሷ የተዘረጋላትን ጣሳ ተቀብላ እስከ መጨረሻው ጨለጠችው። አልጠጣም ማለት አልቻለችም፤ እነሱ እየጠጡ እሷ ብቻ ብትተርፍስ ምን ይረባታል? ወደ ቤቷ ስትመለስ ባጃጁ ውስጥ አለቀሰች። ሾፌሩ ሰው የሞተባት መስሎት ሬዲዮውን ዘጋላት።

መላው የተገለጠላት በሌላ ሰው ሐዘን ነው። የቢሯቸው ጸሐፊ የቲቲ አጎት በአገር ቤት አርፈው ኖሮ፣ መሥሪያ ቤቱ በሙሉ ሰምቶ ቲቲ ብቻ አልሰማችም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ቀኑን ሙሉ አብረዋት ሳቁ፣ አብረዋት በሉ፤ እንደ ደንቡም በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ሽማግሌ ይዘው በሯ ላይ ቆሙ። «ሞቱ» ያለ የለም። ቲቲ በሩን ከፈተች፣ ነጠላቸው ተዘቅዝቆ መለበሱን አየች፣ ጮኸች። ውብአየሁ እያላቀሰቻት እንኳ አንድ ነገር በራሷ ውስጥ ይመላለስ ነበር፤ ማንም አፉን አልከፈተም፣ ቲቲ ግን አወቀች።

መርዶ ብቻውን የሚነግር የለምና ረቡዕ አመሻሽ ላይ ኦቦ ጋሮማ ዘንድ ሄደች። ኦቦ ጋሮማ የአዮ ኤቢሴ ጎረቤትና የመንደሩ እድር ዳኛ ናቸው። አጥር ሲጠግኑ አገኘቻቸው።

«ነገ ጎሕ ሲቀድ አዮ ኤቢሴ ቤት አብረውኝ ቢመጡ ብዬ ነበር» አለቻቸው፣ መሬት መሬት እያየች።

ሽማግሌው መጥረቢያቸውን አስቀመጡ። «ከባድ ነው?»

«ከባድ ነው።»

ከዚህ በላይ አይጠየቅም፣ ደንብ ነው። «እሺ፣ እኛ አለን» አሏት። በልባቸው ግን የጅማን መንገድ፣ የዳኜን መኪና፣ የቢሮ ሰው ከሩቅ ወሬ ቀድሞ እንደሚሰማ አሰቡና ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ውብአየሁ እንባቸውን አላየችም። የእሷ ሐሳብ በጸጥታ ገብታ፣ አዮን ጉድጓዱ ዳር አስቀምጣ፣ ሳትናገር ልታስረዳቸው ነበር። የዘነጋችው እድርን ነው። የእድር ዳኛ መርዶ አለ ከተባለ የሚያደርገው አንድ ነገር ነው፤ ጡሩምባ ነፊውን ይጠራል።

ሐሙስ ጎሕ ሲቀድ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ ዳገቱን ስትወርድ ጡሩምባው ሲጮህ ሰማች። «ማን ሞቶ ይሆን?» ብላ አማተበች። ትንሽ እንደሄደች የነፊው ድምፅ በደንብ ተሰማት፤ እድርተኛው ወደ ኤቢሴ ቤት እንዲወጣ ይጣራል። ያኔ ገባት። ነጠላዋን ሰብስባ ሮጠች።

ስትደርስ ግቢው በሰው ሞልቷል፤ ሴቶቹ ደረታቸውን መምታት ጀምረዋል። ኦቦ ጋሮማ አንገታቸውን ደፍተው እሷን ይጠብቃሉ። አዮ ኤቢሴ በረንዳው ላይ ባዶ እግራቸውን ቆመዋል። ላሊሴ ከኋላቸው መቃኑን በአንድ እጇ፣ ሆዷን በሌላው ይዛለች።

«ኤኙ ዱኤ?» አሉ አዮ ኤቢሴ፤ ማን ሞተ። የተዘቀዘቀውን ነጠላ ሲያዩ ደግሞ ወደ ውብአየሁ ብቻ ዞሩ። «ዳኜ ነው? ንገሪኝ። ዳኜ ነው?»

«አይደለም፣ አዮ። ዳኜ ደኅና ነው።»

ማንም አላመናትም። መርዶ ሲጀመር እንደዚያ ነው የሚባለው፤ «ደኅና ነው፣ ትንሽ አሞታል» ይባልና ከዚያ ይለቀሳል። ላሊሴ ቀስ እያለች በመቃኑ ላይ ተንሸራትታ ወረደች። ውብአየሁ ስልኳን አወጣች፤ የዳኜን ስም ሁለት ጊዜ አልፋው ተመለሰች። በመጨረሻ ደወለች፣ ድምፁን ከፍ አድርጋ ለሁሉም ያዘችው። ስልኩ ጠራ፣ ጠራ፣ ከዚያ እንቅልፍ የተጫነው የዳኜ ድምፅ «ሃሎ፣ ውብዬ፣ በሌሊት ምን ሆናችሁ?» አለ።

ላሊሴ ስልኩን ነጥቃ ጉንጯ ላይ ለጠፈችው። ምን እንዳለችው አልተሰማም፤ ማልቀሷና መሳቋ ተደባልቆ ነበር። ሴቶቹ እልል አሉ፣ አንዳንዱ ሰው ተሳደበ። ኦቦ ጋሮማ ወደ ጡሩምባ ነፊው፣ ጡሩምባ ነፊው ወደ ጡሩምባው ተመለከቱ።

አዮ ኤቢሴ ግን ከውብአየሁ ላይ ዓይናቸውን አላነሱም።

«ልጄ ደኅና ነው፣ ተመስገን» አሉ። «ግን አንቺ በሰው ልጅ ሞት አትቀልጂም። ይህ ነጠላ ያለ ምክንያት አልተዘቀዘቀም። ማነው የሞተብኝ?»

ውብአየሁ አፏን ከፈተች። አማኑ ትዝ አላት፣ ልጇ ትዝ አለቻት። ዘጋችው። ከዚያ በሰው መሀል አልፋ ወደ ጓሮ ሄደች፣ ኤላ ዳዲ አፍ ላይ ተንበረከከችና ድንጋዩን አቅፋ አለቀሰች።

መጀመሪያ ምልክት ብቻ ይሆናል ብላ ነበር ያሰበችው። እንባው ግን እውነተኛ ሆኖ መጣባት። የአራስነቷን ገላ ያጠበ ውሃ ነው። ኦቦ ዳዲ በሕይወት ሳሉ «ወሎዬዋ፣ በባልዲ ሳይሆን በልብሽ ቅጂ» እያሉ የቀለዱባት እዚህ ድንጋይ ላይ ነው። ደግሞም ለብዙ ወራት ውስጧ የታፈነ ነገር ነበር። አንዲት ቃል አልተናገረችም። ይህን በማንም ዳኛ ፊት መማል ትችላለች፤ አዋጁ ስለ መናገር ብዙ ይላል፣ ስለ ማልቀስ ምንም አይልም።

ሰው ሁሉ ተከትሎ መጥቶ ቆመ። አንዲት ሴት ልትቀዳ ይዛ የመጣችውን ጄሪካን ቀስ ብላ ከኋላዋ ደበቀች። አዮ ኤቢሴ እየተንገዳገዱ መጡ፣ ከጉድጓዱ አፍ ቆመው ወደ ውስጥ ተመለከቱ። ረጅም ጊዜ ተመለከቱ። ቀጥለው ዞረው የላሊሴን ሆድ አዩ።

በገዛ እጃቸው ነጠላቸውን አዘቀዘቁ። ከውብአየሁ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጡና ራሷን ስበው ጭናቸው ላይ አደረጉት።

«ይህን ሁሉ ጊዜ ብቻሽን ነው የተሸከምሽው፣ ኢንተላ ኮ?»

ውብአየሁ ጭናቸው ውስጥ የባሰ አለቀሰች፣ እሳቸውም ፀጉሯን እየዳበሱ ጠበቋት። ትንሽ ቆይተው አዮ ኤቢሴ ራሳቸው በቀጭን ድምፅ ማንጎራጎር ጀመሩ፤

ከጉድጓድህ ቀድቼ ስምህን ስጠራ፣
ዛሬም ሞትክብኝ ወይ ለሁለተኛ ተራ።

ያኔ ሴቶቹ ከልባቸው አለቀሱ። ከዚህ መንደር ከኤላ ዳዲ ያልጠጣ የለም፤ ሁሉም የራሱን ሐዘን ነው ያለቀሰው።

ኦቦ ጋሮማ «ጡሩምባ ተነፍቶ ድንኳን ካልተተከለ እድሩ ይናቃል» አሉ። ድንኳኑ ተተከለ። ጎልማሶች ጉድጓዱን በሳንቃ ከድነው ድንጋይ ጫኑበት። ሐዘን ቤት እሳት አይነድም፤ ጎረቤት ነው የበሰለ የሚያመጣው። የዚያን ቀን ግን ሰዉ እንጀራና ወጥ ብቻ አላመጣም፤ ከፉሪ ቦኖ የቧንቧ ውሃ በቢጫ ጄሪካን እየሞላ በአህያና በባጃጅ አመጣ። እንዲህ አድርጉ ብሎ ያዘዘ የለም። የሟች ፎቶ በሚቀመጥባት ትንሽ ጠረጴዛ ላይ አዮ ኤቢሴ ጣሳቸውን ደፍተው አስቀመጡ።

ከሰዓት በኋላ የመሥሪያ ቤቱ መኪና በሩ ላይ ቆመ። ቲቲ ውብአየሁ ስትቀርባት ደውላ ኖሮ፣ ስልኩን ያነሳ አንድ ጎረቤት «ለቅሶ ላይ ናት፣ እናቷ ቤት» ብሏታል። ይህን የሰማ መሥሪያ ቤት ቁጭ አይልም። አማኑ ጥቁር ኮቱን ለብሶ ሠራተኛውን አስከትሎ ገባ። ውብአየሁ ስታየው ልትነሳ ቃጣት። ከአዮ ኤቢሴ ጎን ነበረች፤ እንዳትነሳ አዮ እጇን ጥብቅ አድርገው ያዙት።

«እግዜር ያጥናችሁ» አለ አማኑ፣ አጎንብሶ። ለእሳቸው ቀረብ ብሎ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ለቅሶ ቤት ሲገቡ እንደሚደረገው አንገቱን ደፋ። ከዚያ ለቅሶ ቤት ሁሉ የሚባለው፣ አንደበቱ ከልጅነቱ የለመደው ቃል ራሱ ወጣ፤

«ታመው ነበር?»

አዮ ኤቢሴ ያለ ቁጣ፣ በደከመ ድምፅ መለሱለት።

«እሱን የምታውቁት እናንተ ናችሁ፣ ልጄ። እኛማ ስንጠጣ ነበር።»

አማኑ ቀና አለ። ጠረጴዛው ላይ ፎቶ አልነበረም፤ የተደፋ ጣሳ ነበር። በድንኳኑ መክፈቻ በኩል ሳንቃውንና ድንጋዩን አየ። ፊት ለፊቱ የተቀመጠችውን ላሊሴን አየ። በመጨረሻም ወደ ውብአየሁ ተመለከተ፣ እሷም ዓይኗን አልሰበረችም። ኮቱን አስተካክሎ፣ «የሥራ ጉዳይ አለብን» ብሎ መነሳት ይችል ነበር። አሮጊቷ ቢሮ ሲመጡ ያለው መልስም ነበረው፤ ሲወሰን እናሳውቅዎታለን። ግን ለቅሶ ላይ ተቀምጦ፣ ታመው ነበር ወይ ብሎ ራሱ ጠይቆ፣ እንዴት ይበል? ቡራዩ ላይ ያሳደገችው እናቱ እንዲህ ያለ ልጅ አላሳደገችም።

እጆቹን ጉልበቱ ላይ አጣመረ።

«ሰንብቷል» አለ። ቀስ ብሎ ነበር፣ ሁሉም ግን ሰማው። «ሕመሙ ሰንብቷል፣ እናቴ።»

አዮ ኤቢሴ ራሳቸውን ነቀነቁ። እጃቸውን ዘርግተው የእሱን እጅ ያዙና «እግዜር ያጥናህ፣ አንተንም» አሉት። ከዚያ ዞር ብለው «ላሊሴ፣ ለልጄ ውሃ ስጪው» አሉ። ላሊሴ ከፉሪው ጄሪካን በብርጭቆ ቀዳችና ሰጠችው። አዮ ኤቢሴ እንደ ልማዳቸው ብርጭቆው ባዶ እስኪሆን ጠበቁት።

መኪናው ሊሄድ ሲል ውብአየሁ እስከ በሩ ሸኘቻቸው። ሌሎቹ እየተሳፈሩ ሳሉ አማኑ ወደኋላ ቀረ።

«የሐዘን ፈቃድ አለሽ። ሰኞ ነይ» አላት።

«ልምጣ?»

«አንዲት ቃል ተናግረሻል?»

«አልተናገርኩም።»

«እንግዲያ ምን ያስፈራሻል? የተናገርኩት እኔ ነኝ» አለና ወደ መኪናው ሄደ። ሲራመድ ትከሻው ከወትሮው ጎበጥ ብሎ ነበር፤ እርምጃው ግን ቀሏል።

ውብአየሁ መኪናው ዳገቱን እስኪወጣ ቆማ አየችው። ወደ ድንኳኑ ስትመለስ አዮ ኤቢሴ ከጎናቸው ቦታዋን በእጃቸው ሸፍነው ጠብቀውላት ነበር።